የነሐሴ ጊዮርጊስ ማኅበርተኞች

እናቴን የተወለድኩበትን ቀን በቁጥር ብትጠይቋት መልስ የላትም። «የነሐሴ ጊዮርጊስ» ትላችኋለች፤ በቃ። ዓመቱን ስትጠይቋት «ጎረቤቶቻችን ቤታቸውን ቆርቆሮ ያለበሱ ዓመት» ነው። ሰዓቱስ? «ዝናቡ ሊያባራ ሲል።» ነሐሴ ውስጥ ዝናብ በቀን ስንቴ ሊያባራ ብሎ እንደሚተወው ለሚያውቅ ሰው ይህ ሰዓት አይባልም። መታወቂያ ላወጣ የሄድኩ ዕለት ጸሐፊዋ ጊዮርጊስን ወደ 23፣ ቆርቆሮውን በግምት ወደ ዓመተ ምሕረት ለውጣ ቅጹን ሞላችልኝ። ዝናቡን የምታስገባበት ቦታ አጥታ ተወችው።

ከዚያ ወዲያ ቀኑ ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ። በእኛ ጊዜ ልደት ማክበር የሀብታም ልጆች ነገር ነበር። ነሐሴ 23 ቤታችን ውስጥ የጊዮርጊስ እንጂ የእኔ ቀን አልነበረም፤ እናቴ ማለዳ ነጠላዋን አጣፍታ ትወጣለች፣ ጠበል በጠርሙስ ይዛ ትመለሳለች፣ ከአልጋዬ ሳልወርድ ፊቴ ላይ ትረጨዋለች። ሻማውም ኬኩም እሱ ነው።

ሰላሜ የተናጋው አምና በዚያው ቀን፣ ከሜክሲኮ ወደ ሳሪስ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። የኋላ ወንበር ላይ አራተኛ ሆኜ ተጠቅጥቄ፣ ጉልበቴን አገጬ ሥር ሸጉጬ ስሄድ፣ ሬዲዮው «በዛሬዋ ዕለት» የሚለውን ዝግጅት ጀመረ። የኤፍኤም አቅራቢዎች ይህን ነገር ይወዱታል። ዛሬ ምንም ባይሆን እንኳ በዛሬ ቀን ድሮ የሆነ ነገር አይጠፋም፤ የሞተ ሰው ደግሞ ቃለ መጠይቅ አልሰጥም ብሎ አያስቸግርም። ልጅቱ ትንፋሽ ሳትወስድ አወረደችው። ማይክል ጃክሰን በዛሬዋ ዕለት ተወለደ። ቢትልስ በዛሬዋ ዕለት የመጨረሻ ኮንሰርታቸውን አቀረቡ። ሳክስፎን ተጫዋቹ ቻርሊ ፓርከር በዛሬዋ ዕለት ተወለደ። ተዋናይቷ ኢንግሪድ በርግማን በዛሬዋ ዕለት ተወለደች። ኢንግሪድ በርግማን በዛሬዋ ዕለት ሞተች።

«ውይ! በተወለደች በቀኑ?» አሉ አጠገቤ የተቀመጡ ነጠላ የለበሱ እናት።

«ዓመቱ ይለያያል፣ እማማ» አልኳቸው።

«እሱስ ይሁን። ጊዮርጊስን ግን አላነሣችውም» ብለው አማተቡ። ረዳቱ «ከኋላ ሂሳብ!» አለ፤ ወሬያችንም እዚያው ላይ ተቆረጠ።

እኔ ግን ሳሪስ እስክደርስ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። ዕድሜዬን ሙሉ የግሌ ግቢ የመሰለኝ ቀን ኮንዶሚኒየም ሆኖ አገኘሁት። ላይኛው ፎቅ ማይክል፣ መሐል ላይ ቢትልስ፣ ምድር ቤት አንዲት ተዋናይት ገብታም ወጥታም። እኔ የቱ ቤት ነኝ?

ቤት ገብቼ ለልጄ ነገርኳት። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ስልኳን ከእጇ ለመለየት ሐኪም ያስፈልጋል። «ኦገስት 29 ማለት ነዋ» አለች ገና ሳልጨርስ። እውነቷን ነው። ነሐሴ 1 ሁልጊዜ ኦገስት 7 ላይ ስለሚውል ነሐሴ 23 ከኦገስት 29 ፈቀቅ አይልም። ጳጉሜን ስድስት ስትሆን የሚመጣው የአንድ ቀን መዛነፍ ከመስከረም እስከ የካቲት ያምሰንና ነሐሴ ሳይደርስ ይስተካከላል። ይህን የማውቀው ባሕረ ሐሳብ ተምሬ አይደለም፤ የልጅ ትምህርት ቤትና የባንክ ቅጽ ስሞላ ተሰቃይቼ ነው።

ሥራ ተከፋፈልን። እሷ ከስልኳ እያነበበች በፈረንጅ አቆጣጠር ትጽፋለች፤ እኔ ለእናቴ እንዲገባት ወደ እኛ ዘመን እየመለስኩ በሌላ ወረቀት እጽፋለሁ። ስንጨርስ ባለቤቴ ከወጥ ቤት እጇን እየጠረገች መጣችና ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አየቻቸው። በልጄ ወረቀት ላይ፦ ማይክል ጃክሰን ተወለደ፣ 1958። በእኔ ወረቀት ላይ፦ ቢትልስ ኮንሰርት አቆሙ፣ 1958።

«እንዴ! እሱ ሲወለድ ነው እነሱ ያቆሙት?» አለች። «መምጣቱን ሰምተው ነው?»

ሳቅንባት። በኋላ ግን ነገሩን ረጋ ብዬ ሳስበው ባለቤቴ ሳታውቀው ትልቅ ነገር ነካክታለች። ማይክል የተወለደው በፈረንጆቹ 1958 ነው፤ በእኛ 1950። ቢትልስ ያቆሙት በእኛ 1958 ነው፤ በፈረንጆቹ 1966። እነዚያ አራት እንግሊዛውያን ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ መድረክ በወጡባት ምሽት፣ ጌሪ በምትባል የኢንዲያና የብረት ፋብሪካ ከተማ ውስጥ ያለው ልጅ ልክ ስምንት ዓመቱን ደፈነ ማለት ነው። ስምንት ዓመት ደግሞ ከፈረንጆች አዲስ ዓመት እስከ መስከረም ድረስ በእኛና በፈረንጆቹ መካከል ያለው ርቀት ነው። የልጁ ዕድሜ ያን ዕለት አንድ «እ.ኤ.አ.» ሞላ።

ስምንተኛ ዓመቱን ግን ማንም አላከበረለትም መሰለኝ። እናቱ የይሖዋ ምስክር ነበሩ፤ በዚያ ቤት ልደት አይከበርም። አስቡት እንግዲህ፤ በየዓመቱ በነሐሴ 23 የዓለም ሬዲዮ ሁሉ ልደቱን የሚያውጅለት ሰው፣ በልጅነቱ ሻማ እፍ ሳይል ያደገ ነው። ይህን ሳውቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ከማይክል ጃክሰን ጋር የሚያመሳስለኝ ነገር አገኘሁ። እኔ ቢያንስ ጠበል ይረጭብኝ ነበር።

የሆነው ሆኖ ልጁ አድጎ ያችን ምሽት የካሰ ይመስላል። በ1977 ዓ.ም. የቢትልስን አብዛኛዎቹን ዘፈኖች መብት የያዘውን ኤቲቪ የተባለ ካታሎግ በ47.5 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ይህን ነገር ከዚያ በፊት የመከረው ራሱ የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ ነበር፤ የዘፈን መብት መግዛት ጥሩ ንግድ ነው ብሎት። ምክር እንዲህ ነው፤ ሰጪው ላይ ሲመለስ ያማል።

ያው 1977 ለእኛም ሌላ ትዝታ አለው። በዚያ ዓመት ጥር 20 ማታ፣ ማይክልና ላየነል ሪቺ የጻፉትን የረሃብ መርጃ ዘፈን ለመቅዳት አርባ የሚያህሉ ዘፋኞች ሎስ አንጀለስ ስቱዲዮ ገብተው እስኪነጋ አደሩ። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ስቲቪ ዎንደር በስዋሂሊ የሚባል ስንኝ እንጨምር ብሎ ሐሳብ አመጣ፤ ኢትዮጵያውያን ስዋሂሊ አይናገሩም ተብሎ ነገሩ ቀረ። አንዱ የካንትሪ ዘፋኝ እንዲያውም በዚህ ክርክር መሐል ስቱዲዮውን ጥሎ ወጣ ይባላል። ሲነጋ በእኛ ጥር 21፣ አስተርእዮ ማርያም ነበረች። ይህን ለእናቴ ነግሬያት ለረጅም ጊዜ ዝም ካለች በኋላ «ሰው እንደሆነስ ሰው ናቸው» አለች።

ለማይክል ከዚህ በላይ ደግ ቃል ከእሷ አይጠበቅም፤ ቂም አላት። የሰፈራችን ልጆች ሁሉ ወደ ኋላ የሚንሸራተተውን እርምጃ ሲለማመዱ እኔም ነጭ ካልሲ አድርጌ በሰም በተወለወለው ሊሾ ላይ ወጣሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ ያማረ ነበር። ችግሩ ወደ ኋላ የሚሄድ ሰው ከኋላው ያለውን አያይም። ረከቦቱ ላይ ተቀመጥኩበት። ስድስት ሲኒ፣ ስኳር መያዣው፣ የጀበናው አንገት። ለእናቴ ማይክል ጃክሰን የፖፕ ንጉሥ አይደለም፤ ሲኒ ያሰበረባት ሰው ነው።

ወደ ኮንሰርቶቹ ልመለስ፤ ቢትልስ ብቻቸውን አይደሉምና። በዚያው ቀን፣ ከእነሱ ልክ አሥራ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ሌላ ኮንሰርት ተደርጓል፤ እኔ እስከ ዛሬ ከራሴ ላወጣው ያልቻልኩት እሱን ነው።

ነሐሴ 23 ቀን 1944፣ በኒውዮርክ ግዛት ዉድስቶክ አጠገብ፣ ከኋላ በኩል ለጫካው ክፍት በሆነ ማቨሪክ በተባለ የእንጨት አዳራሽ ውስጥ፣ ዴቪድ ቱዶር የሚባል ፒያኒስት ወጥቶ ፒያኖው ፊት ተቀመጠ። የቁልፎቹን ክዳን ዘጋ። ሰዓቱን አየ። ክዳኑን ከፈተ። እንደገና ዘጋ። ድርሰቱ ሦስት ክፍል ነው፤ ሦስቱንም እንዲሁ ከዘጋና ከከፈተ በኋላ፣ አንዲት ቁልፍ ሳይነካ ተነሥቶ ሄደ። አቀናባሪው ጆን ኬጅ ይባላል። የድርሰቱ ስም «4 ደቂቃ ከ33 ሰከንድ» ነው፤ ውስጡም ያው ነው። ኬጅ ኋላ ሲተርከው፣ በመጀመሪያው ክፍል ውጭ የሚነፍሰው ነፋስ ይሰማ ነበር፤ በሁለተኛው ጣሪያው ላይ ዝናብ ማንጠባጠብ ጀመረ፤ በሦስተኛው ደግሞ ታዳሚው ራሱ እያጉረመረመ፣ አንዳንዱም እየተነሣ ሲወጣ የሚያሰማው ድምፅ ሙዚቃ ሆነ።

እኛ አገር ይህ ነገር የኅሊና ጸሎት ይባላል። ልዩነቱ ለኅሊና ጸሎት ትኬት አይቆረጥም፤ ከአንድ ደቂቃም አያልፍም። ያቺም አንድ ደቂቃ ብትሆን ስብሰባ መሪው «አመሰግናለሁ» እስኪል ያለች ሃያ ሰከንድ ናት። ኬጅ እኛን ቢያየን ምን ያህል ሙዚቃ እየቆረጥን እንደምንጥል ይገርመው ነበር።

አሁን ደግሞ ቢትልስ። ስታዲየሙ ካንድልስቲክ ፓርክ ይባላል፤ ካንድልስቲክ እንግዲህ መቅረዝ ማለት ነው። 25,000 ያህል ሰው ገብቷል፤ ሰፊ ቦታ ባዶውን ቀርቷል። መድረኩ ከሜዳው ከፍ ብሎ በአጥር ታጥሯል፣ ልጆቹን ይዞ የሚያመልጥ የታጠቀ ተሽከርካሪ ሞተሩን አሙቆ ይጠብቃል። አሥራ አንድ ዘፈን ዘፈኑ፤ ሁሉም ነገር ሠላሳ ሦስት ደቂቃ ገደማ ወሰደ። (ይቺ 33 እየተከተለችኝ ነው፤ ምክንያቷን አልጠየቅኳትም።) ከጩኸቱ የተነሣ ራሳቸውን አይሰሙም ነበር። ከበሮ መቺው ሪንጎ በዚያ ዘመን ዘፈኑ የት እንደደረሰ የሚያውቀው ከፊቱ የቆሙትን የጓደኞቹን መቀመጫ እንቅስቃሴ እያየ እንደነበር ተናግሯል። የሙዚቃ ኖታ በብዙ ዓይነት ይጻፋል፤ እንዲህ ያለውን ግን የትኛውም የሙዚቃ ትምህርት ቤት አያስተምረውም።

በአንደኛው ኮንሰርት ማንም አልተጫወተም፣ ሁሉም ነገር ተሰማ። በሁለተኛው አራቱም ተጫወቱ፣ ምንም አልተሰማም። ሁለቱም በነሐሴ ጊዮርጊስ።

የሚያሳዝነው፣ ፖል የመጨረሻቸው መሆኑን ስለሚያውቅ አብሯቸው የሚሠራውን የፕሬስ ሰው በካሴት እንዲቀዳላቸው ጠይቆት ነበር። ሰውየው ሜዳው ላይ ቆሞ መቅጃውን ወደ ላይ ይዞ ቀዳ። ካሴቱ ግን በአንድ ፊቱ ሠላሳ ደቂቃ ብቻ ስለሚይዝ፣ የመጨረሻው ኮንሰርት የመጨረሻው ዘፈን መሐል ላይ ቋ ብሎ አለቀ። የሠርግ ቪዲዮ ያሠራ ሰው ሁሉ ይህን ሕመም ያውቀዋል። የእኛ ሠርግ ላይም ቪዲዮ አንሺው የአጎቴን ምርቃት «አሜን» ሳይባል ነው ባትሪ የጨረሰው፤ አጎቴ እስከ ዛሬ ቴሌቪዥኑ ውስጥ አፋቸውን ከፍተው ቆመዋል።

የቀሩትን ነዋሪዎች ቶሎ ቶሎ ላሳልፋቸው። በ1959 በዚሁ ቀን በሐሰት የተከሰሰ ሐኪም አንድ እጅ የሌለውን ገዳይ አራት ዓመት ሲያሳድድ የኖረበት «ዘ ፊዩጂቲቭ» የተባለ ተከታታይ ድራማ መጨረሻው ተላለፈ፤ የአሜሪካ ሕዝብ መንገዱን ባዶ አድርጎ ቤቱ ገባ። በ1989 በዚሁ ቀን ኔትፍሊክስ ካሊፎርኒያ ውስጥ ተመሠረተ። እኛ ያን ጊዜ ቪዲዮ ቤት ውስጥ በጣውላ ወንበር ላይ ተፋፍገን፣ ባለቤቱ «አጠንጥናችሁ መልሱ!» እያለ ሲጮህብን፣ እነሱ ያን ቪዲዮ ቤት የሚዘጋውን ነገር በጊዮርጊስ ቀን ይወጥኑልን ነበር ማለት ነው። ቻርሊ ፓርከር ደግሞ በ1912 ካንሳስ ሲቲ ተወልዶ ጃዝን አገላብጦ በሠላሳ አራት ዓመቱ ሞተ፤ አስከሬኑን ያየው ሐኪም ዕድሜውን ከሃምሳ እስከ ስድሳ ገመተው። እኛ አገር ስሕተቱ ሁልጊዜ ወደ ታች ነው፤ በተለይ እግር ኳስ ተጫዋች ላይ።

ይህን ሁሉ ለእናቴ ሳነብላት መቁጠሪያዋን እያሳለፈች ትሰማኛለች። አልተደነቀችም። «አድዋስ?» አለች በመጨረሻ። «የካቲት 23 አይደለም? በጊዮርጊስ አይደለም?» ነው አልኳት። «ታዲያ ምን ይገርምሃል?» ለእሷ እነ ማይክል ዘግይተው የመጡ እንግዶች ናቸው፤ ቤቱን ጊዮርጊስ በ1888 አሳምሮ ጨርሶታል።

እናቴ የጊዮርጊስ ጽዋ ማኅበር ሙሴ ናት። ሙሴ ስትሆኑ ማን ይግባ ማን አይግባ የሚለው ላይ ድምፅ አላችሁ። ልጄ ይህን ስለምታውቅ ተንኮል አሰበች። «እሺ አያቴ፣ እነዚህ ሰዎች ማኅበሩ ውስጥ እንግባ ቢሉስ?»

«ስማቸውን ንገሪኛ።»

«ማይክል።»

«ሚካኤል? የሚካኤል በ12 ነው። በ23 ምን ይሠራል?»

«ጃክሰን ነው አያቴ፣ ዘፋኙ።»

«ሲኒዬን ያሰበረው? በ12ም አይገባም።»

ቢትልስን አንድ በአንድ ጠራችላት። ጆን ዮሐንስ ነው፣ ፖል ጳውሎስ ነው፣ ጆርጅ ጊዮርጊስ ነው፣ አራተኛው ሪንጎ ነው። እናቴ መቁጠሪያዋን አቆመች። «ሐዋርያት ናቸው እንዴ?» አይደሉም፣ ዘፋኞች ናቸው ተባለች። «ጊዮርጊስ የተባለው ይግባ። ሌሎቹ ዳቦ በልተው ይሂዱ። ሪንጎን አላውቀውም።»

ከዚያ ኢንግሪድ በርግማን ቀረበች። በስቶክሆልም በነሐሴ 23 ተወልዳ በስድሳ ሰባተኛ የልደት ቀኗ ለንደን ላይ ማረፏን እናቴ ወደደችው። «ብልህ ሴት! ልደቱም ዝክሩም ባንድ ድግስ። ልጆቿን አላስወጣችም።» ነገሩ የተበላሸው እኔ አጉል ዐዋቂ ልሁን ብዬ ስለ ካዛብላንካ ስነግራት ነው። በዚያ ፊልም ውስጥ የሴትየዋ ፍቅረኛ፣ ያ መጠጥ ቤት ያለው ሪክ፣ በፈረንጆቹ 1935 ጣሊያን ሊወርረን ሲል ወደ ኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ አሻግሯል ይባልለታል። እውነቴን ነው፤ በፊልሙ ውስጥ ይነገራል፤ ብዙ ሰው ግን ስለሚያለቅስ አይሰማውም።

«ጠመንጃ ያቀበለን ሰው?» አለች እናቴ ቀና ብላ።

«አዎ። መጨረሻ ላይ ግን ሴትየዋ ከባሏ ጋር በአውሮፕላን ትሄዳለች፤ እሱ ብቻውን ይቀራል።»

«ጥላው ሄደች? ጠመንጃ ያቀበለንን ሰው?»

«እሱ ራሱ ነው ሂጂ ያላት፣ እማዬ። ፊልም ነው ደግሞ።»

«ሂጂ ቢላትስ!» እንግዲህ በርግማን ሦስት ኦስካር ብትወስድም ማኅበሩ ውስጥ አልገባችም። ሪክ ግን በነሐሴ ባይወለድም፣ እንዲያውም ጨርሶ ባይወለድም፣ በሙሉ ድምፅ ተቀባይነት አገኘ። ቻርሊ ፓርከርን ጌታቸው መኩሪያ ሽለላ በሳክስፎን ሲነፋ ሰምታ ስለምታውቅ «የእሱ ጓደኛ ከሆነ» ብላ አሳለፈችው። ጆን ኬጅ ላይ ግን ብዙ አሰበች። «ፒያኖ ፊት ተቀምጦ የማይመታ? ከዚያስ? ዝም? ዝም ብሎ የሚሰማ ሰው ማኅበራችን ውስጥ የለም፤ ሁሉም ያወራል። ይግባ።»

በዚህ መሐል ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ወንድሜ ደወለ። እሱ ከእኔ የባሰበት ነው። አሜሪካ ሲገባ የተወለደበትን ቀን የሚያስረዳ ወረቀት ስላልነበረው ቅጹ ላይ ጃኑዋሪ 1 ተጻፈለት፤ እንዲሁም ኖረ። ሥራ ቦታው አንድ ሶማሌ፣ አንድ አፍጋናዊና ሁለት ሱዳናውያን በዚያው ቀን ተወልደዋል፤ አለቃቸው መጀመሪያ የሚቀልዱበት መስሎት ነበር። ፌስቡክ በፈረንጆች አዲስ ዓመት ማለዳ ግማሹን የአበሻ ስደተኛ «እንኳን ተወለድክ» እንድልለት ይጠይቀኛል። «የአንተማ ደስ ይላል» አለኝ ወንድሜ፣ «ከማይክል ጃክሰን ጋር ነህ። እኔ ከማን ጋር ነኝ? ከኢሚግሬሽን ቅጽ ጋር!»

ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ነበርና እናቴ ሰማች። «ጃኑዋሪ 1 በእኛ ስንት ነው?» ብላ ጠየቀች።

ልጄ ስልኳን ነካካች። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር አለፈ። «ታኅሣሥ 23» አለች ቀስ ብላ።

ከአራት ዓመት አንዴ ወደ 22 ከመሸራተቱ በቀር እውነት ነው፤ ታኅሣሥ 23 ነው። ሶማሌው፣ አፍጋናዊው፣ ሱዳናውያኑ፣ ወንድሜ፣ ቅጹን የሞላው ባለሥልጣን ሳያውቅ፣ ሁሉም በጊዮርጊስ ተመዝግበዋል። እናቴ ምንም አላለችም። መቁጠሪያዋን ብቻ አንሥታ ስማ ኪሷ ከተተችው፤ ክርክር ያሸነፈ ጠበቃ መዝገቡን ሲዘጋ እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

ዘንድሮ ቀኑ ሲመጣ ልጄ ልደቴን ካላከበርን ብላ ያዘችን። ኬክ ገዛች፤ ዕድሜዬን ያህል ሻማ ስለማይበቃው አንዱን መሐል ላይ ሰካችው። ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም ይባላል እንጂ ያን ማታ ዝናቡ ቡሄ መቼ እንደዋለ የሰማ አይመስልም ነበር። ቆርቆሯችን ላይ ድንጋይ የሚያራግፉብን ይመስላል። ወንበር አሰባስበን ልንቀመጥ ስንል መብራት ጠፋ። ቴሌቪዥኑ ዝም አለ፣ ፍሪጁ ተንፈስ ብሎ ዝም አለ፣ የጎረቤት ሬዲዮ ዝም አለ።

«ስጦታህን አሁን ልስጥህ» አለች ልጄ በጨለማው። ስልኳ ላይ ሰዓት መቁጠሪያ ከፈተች፦ አራት ደቂቃ ከሠላሳ ሦስት ሰከንድ። «ማንም እንዳይናገር። አያቴ፣ አንቺም።»

ተቀመጥን። መጀመሪያ ዝናቡ ብቻ ነበር። ትንሽ ቆይቶ በዝናቡ ውስጥ ሌላ ዝናብ ተሰማኝ፤ ከአሸንዳው ወደ በርሜሉ የሚወርደው፣ ከበርሜሉ የሚፈስሰው። ባለቤቴ በአፍንጫዋ ሳቅ ስትውጥ ተሰማኝ። የጎረቤት ውሻ አንዴ ጮኸና ተወው። የእናቴ መቁጠሪያ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ሦስተኛው ደቂቃ አካባቢ ጣሪያው ላይ ያለው ሩጫ ቀዝቀዝ አለ፤ ጠብታዎቹ ለየብቻ መቆጠር ጀመሩ።

እናቴ አልቻለችም። «ይኸውልህ!» አለች ክንዴን ይዛ። «ይሄ ነው። አሁን ሊያባራ ነው። በዚህ ሰዓት ነው የተወለድከው።»

ልጄ ስልኳን አቁማ ሰዓቱን አየች፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ይላል። እስክሪብቶ ፈልጌ በኬኩ ካርቶን ክዳን ላይ ጻፍኩት።

ዝናቡ ግን አላባራም። እስኪነጋ ሲጥል አደረ።